ብስክሌታችን ከየት መጣ? የኩባንያዎቹ ፉክክርና የእኛ ኪስ

በዚህ እትማችን ይዘን የቀረብነው በየቀኑ የምናየውን፣ ግን ብዙም የማናወራለትን ዕቃ ነው፤ ብስክሌትን። ሞተር ሳይክል የቦዳ ቦዳውን ሥራ እየወሰደው ቢመጣም እዚህ ካኩማ ዱቄት ከማከፋፈያ ወደ ቤት፣ ውሃ በጄሪካን፣ አንዳንዴም በሽተኛ ወደ ክሊኒክ አሁንም በብስክሌት ይሄዳል። አንድ ቤተሰብ የዕቁብ ገንዘቡን ወይም ዘመድ ከውጭ የላከለትን አውጥቶ ብስክሌት ሲገዛ ለጌጥ ብሎ አይደለም፤ እንጀራ ይሆነኛል ብሎ ነው። ታዲያ ያ ገንዘብ ማን ኪስ ይገባል? ለምንስ አንዱ ብስክሌት ዓመታት ሲያገለግል ሌላው በወራት ውስጥ ይሰበራል? ለዚህ መልስ ለማግኘት ነጋዴዎቹ እንዴት እንደሚሠሩና እንደሚፎካከሩ ማወቅ ይጠቅማል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ስም፣ አንድ ባለቤት

ኬንያውያን ብላክ ማምባ የሚሉት ያ ከባድ ጥቁር ብስክሌት ቅርጹ የእንግሊዝ ነው። በ1887 ፍራንክ ቦውደን የተባለ ሀብታም ሰው ታሞ ሳለ ሐኪሙ ብስክሌት ንዳ ብሎ መከረው ይባላል። ሲሻለው ኖቲንግሃም ከተማ ራሌይ በሚባል መንገድ ላይ 12 ሠራተኞች በሳምንት ሦስት ብስክሌት የሚሠሩበትን ትንሽ ወርክሾፕ ገዛ። የመንገዱን ስም የያዘው ድርጅት በ1896 በዓለም ትልቁ የብስክሌት ፋብሪካ ለመሆን በቃ።

ራሌይ ተፎካካሪዎቹን ያሸነፈው በጥራት ብቻ አይደለም፤ በመግዛትም ጭምር ነው። ሐምበርን በ1932፣ ረጅን በ1943፣ ቢ.ኤስ.ኤን በ1957 ጠቀለለ። ስማቸውን ግን ወዲያው አላጠፋም። ገዢው ሦስት የተለያዩ ብስክሌቶች እያማረጠ ይመስለዋል፤ ትርፉ የሚገባው ግን አንድ ካዝና ነው። በኋላ ራሌይ ራሱ ተዋጠ፤ በ1960 የቧንቧ ብረት አምራች በሆነው ቲ.አይ. በሚባል ኩባንያ ሥር ገባ። የኖቲንግሃሙ ፋብሪካ በ2002 ተዘጋ። በ2012 ደግሞ አክሴል የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ገዛው። ስለዚህ ብስክሌቱ ላይ የተለጠፈው ስም ዛሬ ማን፣ የት እንደሠራው አይነግራችሁም።

ከመለዋወጫ ንግድ የተነሱት ወንድማማቾች

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ለስደተኞች ቀረብ ያለ ነው። ሙንጃል የሚባሉ አራት ወንድማማቾች ካማሊያ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በ1944 ወደ አምሪትሳር ሄደው የብስክሌት መለዋወጫ መነገድ ጀመሩ። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ የትውልድ ከተማቸው ድንበሩን ተሻግራ በሌላ አገር ውስጥ ቀረች። እነሱም ሉዲያና በምትባል የሕንድ ከተማ ሠፍረው ንግዳቸውን ቀጠሉ። መጀመሪያ ዕቃ ገዝቶ መሸጥ፣ ቀጥሎ አንዳንዱን ክፍል መሥራት፣ በመጨረሻ በ1956 ሙሉ ብስክሌት። ስሙንም ሂሮ አሉት። በመጀመሪያው ዓመት የሠሩት 639 ብስክሌት ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው በ1986 የጊነስ መዝገብ ሂሮን የዓለም ትልቁ የብስክሌት አምራች ብሎ አሰፈረው።

እንዴት ቻሉ? አንደኛ፣ ሁሉን ነገር እኛው እንሥራ አላሉም። ሉዲያና ውስጥ አንዱ ፔዳል፣ ሌላው ኮርቻ፣ ሌላው ሰንሰለት የሚሠራባቸው ትንንሽ ወርክሾፖች ሞልተዋል። ሂሮ ከእነዚህ ጎረቤቶቹ እየገዛ ይገጥማል። ሁለተኛ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ አከማችተው ገንዘባቸውን አያስሩም፤ ለዛሬ ሥራ የሚፈለገው ዛሬ ይመጣል። ሦስተኛ፣ ያነጣጠሩት ሀብታሙ ላይ ሳይሆን ወተት አመላላሹና ገበሬው ላይ ነው። ከአንዱ ብስክሌት የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ቢሆንም ብዛቱ ይክሳል።

ይህ ፉክክር ግን ምሕረት የለውም። በ1951 የተቋቋመውና በሕንድ ታላቅ ስም የነበረው አትላስ የመጨረሻ ትልቅ ፋብሪካው ሥራ ያቆመው ሰኔ 3 ቀን 2020 ነበር። ዕለቱ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ብስክሌት ቀን ብሎ የሰየመው ነው። ሠራተኞቹ በር ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ ነው መቅረታቸውን ያወቁት።

ለሰው ሲሠራ ሥራውን የተማረው

በታይዋን ጃያንት የሚባል ኩባንያ በ1972 ተቋቋመ። መጀመሪያ የሚሠራው በሌሎች ስም ነበር። በአሜሪካ ከ1895 ጀምሮ የታወቀው ሽዊን በ1980 ቺካጎ ያሉት ሠራተኞቹ ሥራ ሲያቆሙበት ትእዛዙን ወደ ጃያንት አዞረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከሽዊን ብስክሌቶች ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን የሚሠራው ጃያንት ሆነ። ከዚያ ሽዊን ከዚህም የረከሰ አገኘሁ ብሎ ወደ ቻይና ፊቱን አዞረ። ጃያንት ግን ሥራውን ተምሮ ጨርሷል፤ በራሱ ስም አውሮፓና አሜሪካ ገባና መሸጥ ጀመረ። ሽዊን በ1992 ከሰረ። እጁን ለሰው ያከራየው ሙያውን ይዞ ቀረ፤ ሙያውን ለሰው አሳልፎ የሰጠው ስሙን ብቻ ይዞ ቀረ።

የርካሽ ዋጋ ሌላም ገጽ አለው። በመስከረም 2025 የአሜሪካ ጉምሩክ የጃያንትን በታይዋን የተሠሩ ዕቃዎች ከወደብ እንዳይወጡ አገደ። ምክንያቱ ከሌላ አገር የመጡ ሠራተኞች በደላላ ዕዳ ተይዘው፣ ደመወዛቸው እየተያዘ በግዳጅ እንደሚሠሩ ምልክት አይቻለሁ የሚል ነው። ኩባንያው በበኩሉ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ለአዲስ ሠራተኞች የቅጥሩን ወጪ ራሱ እንደሚሸፍን ገልጿል። ዐረብ አገር እህት ወይም ልጅ ያለችው ሰው የደላላ ዕዳ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ ማብራሪያ አይጠብቅም።

ትንሿን ክፍል የያዘ

ሌላው የፉክክር መንገድ ብስክሌት ሳይሠሩ ብስክሌትን መግዛት ነው። የጃፓኑ ሺማኖ በ1921 ሳካይ ከተማ ውስጥ የኋላ ጎማውን ጥርስ በመሥራት ጀመረ። ዛሬ ማርሽ ካላቸው ብስክሌቶች ብዙዎቹ፣ የማንም ስም ይለጠፍባቸው፣ ፍሬናቸውና ማርሻቸው የሺማኖ ነው። በ1987 ቺካጎ የተቋቋመው ስራም በ1990 ሺማኖን ከሰሰ። ክሱ፣ ሁሉንም ክፍል ከእኔ ከገዛችሁ ቅናሽ አደርጋለሁ እያለ አምራቾች የእኔን ማርሽ እንዳይገዙ አድርጓል የሚል ነበር። በ1991 በስምምነት ተፈታ። ስራምም በገበያው ቆየ፤ አደገም።

ከስራም መሥራቾች አንዱ ኤፍ.ኬ. ዴይ ከሱናሚው አደጋ በኋላ በ2005 ወርልድ ባይሲክል ሪሊፍ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ቡፋሎ የሚባለው ብስክሌት የዚህ ድርጅት ነው፤ በኬንያም ይገኛል። የኋላ መጫኛው 100 ኪሎ እንዲችል ታስቦ ተሠርቷል፤ ፍሬኑ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡ የሚይዝ ነው። ድርጅቱ ብስክሌት ከመስጠትና ከመሸጥ ጎን ለጎን ፉንዲዎችን ያሠለጥናል፣ መለዋወጫም ያቀርባል። ጠጋኝና መለዋወጫ የሌለው ብስክሌት ቆይቶ ቁርጥራጭ ብረት መሆኑ አይቀርማ!

እኛ ሰፈር ሲደርስ

ብስክሌት ከሕንድም ከቻይናም ሲመጣ ብዙ ጊዜ ተፈታቶ በካርቶን ይታሸጋል፤ ተገጣጥሞ ቢጫን ቦታ ይፈጃል። ከሞምባሳ ወደብ አስመጪው፣ ከአስመጪው ጅምላ ሻጩ፣ ከዚያ ቸርቻሪው ይረከባል። ሁሉም የድርሻውን ይጨምራል፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። እዚህ የሚገጥመው ፉንዲ ነው። ፋብሪካው ጥሩ ሠርቶት ፉንዲው ብሎን ካላጠበቀ ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለም።

ጥቁሩ ብስክሌት ዘመን የማይሽረው የእንግሊዙን ልክ ሕንዱም ቻይናውም ስለተከተሉት ነው። የአንዱ ጎማ ለሌላው ይሆናል። ይህ ለእኛ በረከት ነው። ነገር ግን ልኩ አንድ ስለሆነ ሻጮች የሚፎካከሩት በዋጋ ነው፤ ዋጋ ሲወርድ ብረቱ ይሳሳል፣ የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ዕቃም ይገባል። ስለዚህ፦

• ስሙን ሳይሆን ብረቱን እዩ። ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበትን ቦታ በጣት ዳብሱ፤ ስንጥቅ ወይም በቀለም የተሸፈነ ሸካራ ብየዳ ካለ ተዉት።
• ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩ። ወደ ጎን ከተወላገደ ወይም ኩሽኔታው ከተንጫጫ ከመክፈላችሁ በፊት ይስተካከል።
• ከመግዛታችሁ በፊት ፉንዲ ጠይቁ፤ የዚህ ብስክሌት ካላማዳሪያና ሰንሰለት እዚሁ ይገኛል? ማርሽ ያለው ያምራል፤ ሲሰበር ግን ዕቃው ናይሮቢ ሊሆን ይችላል።
• አዲስ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ብሎኖቹን በሙሉ እንደገና አጥብቁ።
• ዘይት ስትቀቡ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። በእኛ አሸዋ ላይ የረጠበ ሰንሰለት ሞረድ ይሆናል።
• ደረሰኝ ያዙ፤ ስርቆት ሲያጋጥም የእኔ ነው የምትሉበት እሱ ነው።

የዕቁብ ማኅበር ያላችሁ ደግሞ ይህን አስቡበት። አንድ ሰው አንድ ጎማ ሲገዛ የቸርቻሪ ዋጋ ይከፍላል። አሥር ባለብስክሌቶች ተሰብስበው ጎማና ሰንሰለት በካርቶን ቢያስመጡ ከጅምላ ሻጩ ጋር መደራደር ይችላሉ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ በብዛት ገዝተው ዋጋ ያስቀንሳሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶቻችን ነገር ለንግድም ይሠራል። ጎማ መጠገን የምትማሩ ወጣቶችም ሥራውን አትናቁት፤ ሙንጃሎችም የተነሱት ከመለዋወጫ ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ መንገዳችሁ የቀና ይሁን። ቸር ይግጠመን!