ኢንተርኔት አይቶ የማያውቅ ኮምፒዩተር ለምን ይታመማል?

በደብረ ታቦር የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በተማሪዎች ይጨናነቃሉ። በዚህ ወቅት አንድ ዓይነት እሮሮ ደጋግመን እንሰማለን። ተማሪው ጽሑፉን ለማሳተም ፍላሽ ዲስኩን ይዞ ይሄዳል፤ ከተመለሰ በኋላ ፍላሹን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፍተው የወራት ድካሙ ከቦታው የለም። በፋይሉ ስም የተሰየመች፣ ጥግዋ ላይ ቀስት ያለባት ትንሽ ምልክት ብቻ ያገኛል። «የእኔ ኮምፒዩተር ኢንተርኔት አይቶ አያውቅም፤ ቫይረስ ከየት መጣበት?» ሲል ይጠይቀናል።

ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው። ከአዲስ ዘመን እስከ ነፋስ መውጫ፣ ከፋርጣ እስከ እስቴ፣ ፊልሙም የትምህርት ማስታወሻውም በፍላሽ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ባለ ሁኔታ የሚሠራ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚጠቃና ባለቤቱ እንዴት ሊጠብቀው እንደሚችል እንመለከታለን።

ቫይረስ ከድረ ገጽ ይቀድማል

የኮምፒዩተር ቫይረስ ራሱን ወደ ሌላ ቦታ የሚገለብጥ ፕሮግራም ነው። ለመገልበጥ ደግሞ መንገድ እንጂ የግድ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። «ብሬይን» የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1986 ከፓኪስታኗ ላሆር ተነሥቶ ወደ ሌሎች አገሮች የተዛመተው በፍሎፒ ዲስክ ነበር፤ ዓለም አቀፉ ድር በዚያን ጊዜ አልተፈለሰፈም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተደረሰበት «ስተክስኔት» ደግሞ ከኢንተርኔት ተነጥሎ ወደሚሠራው የኢራን ናታንዝ የዩራኒየም ማበልፀጊያ የገባው በፍላሽ ዲስክ እንደሆነ ይታመናል። ከገባ በኋላም የሴንትሪፊውጆቹን የመሽከርከር ፍጥነት እየለዋወጠ አበላሽቷቸዋል።

የተማሪያችን ፍላሽ ላይ የደረሰውም በመሠረቱ ያው ነው። ቫይረሱ እውነተኛዎቹን ፋይሎች ይደብቅና በቦታቸው ቀስት ያለባትን የአቋራጭ ምልክት ያስቀምጣል። ተጠቃሚው ምልክቷን ሲጫን መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሣል፤ ቀጥሎ የተደበቀው ፋይል ይከፈታል። ሁሉም ነገር በደንብ የሠራ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥርም። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ኮምፒዩተር የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይበከላል። ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒዩተር ጉዳት የሚብስበትም ለዚህ ነው፤ በሽታው በፍላሽ ይደርሰዋል፤ በኢንተርኔት የሚመጣው መድኃኒት ግን አይደርሰውም።

በደብዳቤ የመጣው እንግዳ

ኢንተርኔት ያለው ቤትም የሚጠቃው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ በከፈተው በር ነው። በአሜሪካ ሜሪላንድ ይኖር የነበረና በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የመሠረተው ክስ ይህን ያሳያል። እንደ ክሱ ከሆነ በኢሜይል የተላከ አንድ የጽሑፍ ፋይል ሲከፈት «ፊንስፓይ» የተባለ የስለላ ፕሮግራም በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ተተከለ። እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 ድረስም የስካይፕ ንግግሮችንና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ሲቀዳ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2014 በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ የቀረበው ክስ በ2017 በይግባኝ ፍርድ ቤት ሳይሳካ ቀርቷል፤ ምክንያቱም ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም የሚል ነበር። ከነገሩ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ፦ ፕሮግራሙ በር አልሰበረም፤ ፋይሉ ተከፍቶለት ገባ።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላም አለ። ያለ ፈቃድ የተባዙ ሶፍትዌሮችን ለማስከፈት የሚታደሉ «ክራክ» የሚባሉ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ «በቅድሚያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላሉ። በሌሊት መጥቶ «ውሻችሁን እሰሩልኝ» የሚል እንግዳን ማን ያስገባል?

የአንቲቫይረስ ወሰን

«ጥሩ አንቲቫይረስ ካለኝ አይበቃም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ፍሬድ ኮኸን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረበው ጥናት ማንኛውንም ቫይረስ ያለ ስሕተት የሚለይ ፕሮግራም ሊኖር እንደማይችል በሎጂክ አሳይቷል። እንዲህ ያለ መርማሪ አለ እንበል። አንድ ሰው «መርማሪው ቫይረስ ነህ ካለኝ ዝም እላለሁ፤ አይደለህም ካለኝ እባዛለሁ» የሚል ፕሮግራም ቢጽፍ መርማሪው የትኛውንም ቢመልስ ይሳሳታል። ስለዚህ አንቲቫይረስ ጠቃሚ ቢሆንም የባለቤቱን ጥንቃቄ አይተካም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ፋይሉ ሲጠፋ ፍላሹን ፎርማት ለማድረግ አንቸኩል፤ ብዙ ጽሑፍ የጠፋው በቫይረሱ ሳይሆን በዚህ ድንጋጤ ነው። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ የሚያደርገውን ምርጫ እንክፈት። ማጽዳቱንም ከኮምፒዩተሩ እንጀምር፤ ካልሆነ የጸዳው ፍላሽ መልሶ ይበከላል።

ሁለተኛ፣ ለኅትመት ስንሄድ የፒዲኤፍ ቅጂ ብቻ በያዘ ፍላሽ እንሂድ። ዋናው ጽሑፍ በቤት ይቅር፤ ሌላ ቅጂም ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ ይኑር።

ሦስተኛ፣ ማሻሻያዎችን አንናቅ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ከ150 በላይ አገሮችን ያዳረሰው «ዋናክራይ» የተጠቀመበት ቀዳዳ መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶለት ነበር። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላበቃ ተጠቃሚዎቹ ሊያስቡበት ይገባል። ኢንተርኔት የሌለንም መላ አናጣም፤ የአንቲቫይረሱን አዲስ መለያ ፋይል ግንኙነት ባለበት ቦታ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደን በንጹሕ ፍላሽ ወደ ቤት ማምጣት እንችላለን። በሽታው በመጣበት መንገድ መድኃኒቱም ይመጣል።

አራተኛ፣ ያልጠበቅነው ፋይል ሲደርሰን፣ ላኪው የምናውቀው ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ከመክፈታችን በፊት ደውለን እንጠይቅ።

የወር ድካም ከጠፋ በኋላ የሚደረግ ፍለጋ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ የጽሑፋችሁን አንድ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።