የቅርስ ፍለጋ ፊልሞችና የመተማ በር

በፍርስራሽ ሥር የተሰወረውን የነገሥታት ወርቅ ወይም በዋሻ የተሸሸገውን ንዋየ ቅድሳት ለማውጣት አሮጌ ካርታ ይዞ ከሩቅ አገር የሚነሣውን፣ በረሃውንም ባላጋራውንም እያሸነፈ የሚገሠግሠውን ተመራማሪ የሚተርከው የሲኒማ ዘርፍ፣ ዝናው የገነነው ከ1981 ወዲህ ቢሆንም (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ሥሩ ከሲኒማ መፈጠር በፊት የተተከለ ነው። እንግሊዛዊው ራይደር ሃጋርድ በ1885 ያሳተመው «የንጉሥ ሰሎሞን የማዕድን ጉድጓዶች» የተባለው ልቦለድ አፍሪካን ባለቤት እንደሌለው ግምጃ ቤት አድርጎ ለአንባቢ ስላቀረበ፣ በ1937፣ በ1950 እና በ1985 ወደ ፊልም ሲመለስ ይኸው አስተያየት አብሮት ተሻገረ። ሃዋርድ ካርተር በ1922 የቱታንኻሙንን መቃብር ማግኘቱም የዓለምን ሕዝብ ምናብ ቀስቅሶ ስለነበር፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ቦሪስ ካርሎፍ የተጫወተበት «ማሚ» የተባለው ፊልም ወጣ።

ከሁሉ ይልቅ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ሊከነክነው የሚገባው ግን ስቲቨን ስፒልበርግ በ1981 ያዘጋጀው የኢንዲያና ጆንስ የመጀመሪያ ፊልም ነው። የሚፈለገው ነገር ሌላ ሳይሆን ታቦተ ጽዮን ነው፤ እኛ ከአበው በተቀበልነው ትውፊት በአክሱም ጽዮን በአንድ መነኩሴ ጠባቂነት ይኖራል የምንለውን ይህን ቅዱስ ነገር፣ ፊልሙ በግብፅ በታኒስ ከአሸዋ ሥር ያስወጣውና በመጨረሻ በእንጨት ሣጥን አሽጎ በአሜሪካ መንግሥት መጋዘን ውስጥ፣ ከሺህ ሣጥኖች መካከል ያስቀምጠዋል። ይህ ፍጻሜ ለደራሲዎቹ የፈጠራ ነገር ነበር፤ ለእኛ ግን ያየነው ነው፤ የብሪታንያ ሙዚየም አብዛኞቹ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱትን 11 ጽላት የራሱ ሠራተኞች እንኳ በማያዩዋቸው ዝግ ክፍል አስቀምጧቸዋልና። ከዚያ ወዲህ የመጡት፣ በ1984፣ በ1989፣ በ2008 እና በ2023 የወጡት ተከታዮች፣ በ1999 የታደሰው «ማሚ»፣ በ2001 የወጣው የላራ ክሮፍት ፊልምም፣ በጥበባቸው ቢለያዩ በመንገዳቸው አንድ ናቸው።

እነዚህ ፊልሞች ብዙ ወጣቶችን ወደ ታሪክ ጥናት የሳቡ በመሆናቸው ምስጋና አይነፈጋቸውም፤ ነገር ግን አርኪዮሎጂን ዕቃ መንጠቅ አድርገው ማስተማራቸው ብርቱ ስሕተት ነው። ማስረጃውም በመተማ ቆላ፣ በጋው ሲበረታ ፈሳሹ ተቋርጦ ኩሬ ኩሬ ብቻ በሚቀርበት በሽንፋ ወንዝ ዳር ይገኛል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ በጆን ካፕልማን የተመራው፣ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንትም የተሳተፉበት የምርምር ጓድ በመጋቢት 2024 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት እንደገለጠው፣ በዚህ ሥፍራ ከ74,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ጥቃቅን ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶችን፣ ምናልባትም የቀስት ጫፎችን፣ ከዓሣና ከአውሬ አጥንት፣ ከሰጎን እንቁላል ቅርፊትም ጋር ትተው አልፈዋል። ዘመኑን የመሰከረው ከኢንዶኔዥያ፣ ከሱማትራ ደሴት፣ የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ ነፋስ ያመጣው፣ ከሰው ጠጕር የቀጠነና በዓይን የማይታይ የመስታወት ብናኝ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህ ብናኝ ካረፈበት የአፈር ንብርብር በላይ ያለው የዓሣ አጥንት ድርሻ ከበታቹ ካለው እጅግ በልጦ ስላገኙት፣ ሰዎቹ ድርቁ በበረታበት ወራት በየኩሬው የታገደውን ዓሣ እየያዙ መትረፋቸውን አወቁ። እንግዲህ የፊልሙ ጀግና እንደልማዱ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚያብለጨልጨውን ይዞ ቢሄድ ኖሮ፣ ንብርብሩ ተደባልቆ ይህ ሁሉ ዕውቀት በአንድ ቀን በጠፋ ነበር።

ስለ ጀብዱም ከሆነ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1889 የወደቁበት ይህ የጠረፍ ምድር ከማንኛውም የፊልም ድርሰት የሚያንስ ታሪክ የለውም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1772 መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ ወደ ስናር የወረደው በዚሁ ጠረፍ፣ በራስ-ኤል-ፊል በኩል ነው። በ1932ም በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የዳካር-ጅቡቲ ጓድ በገላባትና በመተማ በኩል ገብቶ፣ በጎንደር የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች አውርዶ በምትካቸው አዲስ ቅጅ ሰቅሎ ሄደ፤ ሥዕሎቹ ዛሬ በፓሪስ ናቸው፤ የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስም የጉዞውን ማስታወሻ በ1934 አሳትሞታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኩርዓተ ርእሱ ነው። ይህ አክሊለ ሦክ የደፋ የጌታችን ሥዕል፣ ነገሥታቱ በዘመቻ ሁሉ ከፊታቸው ያስይዙት የነበረው፣ በ1744 የዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ሠራዊት በዲንደር ወንዝ ዳር በስናሮች ድል በሆነ ጊዜ ተማረከ፤ በብዙ ወርቅም ተዋጅቶ ወደ ጎንደር ተመለሰ። የቋራው ተወላጅ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱ ዕለት ከአልጋቸው በላይ ተሰቅሎ ያገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ለሙዚየሙ እንኳ ሳይሆን ለራሱ ወሰደው፤ በ1917 በለንደን በሐራጅ ተሸጠና በመጨረሻ በፖርቱጋል በግለሰብ እጅ ገባ።

ስለዚህ የአገራችን የፊልም ደራስያንና አዘጋጆች፣ የሌላውን ባርኔጣ ለራሳችሁ ጀግና ከማልበስ ይልቅ፣ ይህን ከዲንደር እስከ ለንደን የተዘረጋውን እውነተኛ ታሪክ አንሥታችሁ ጻፉት። ለቀረፃም ወደ ሽንፋ ስትወርዱ፣ ከመሬት ያያችሁትን የተጠረበ ድንጋይ ከቦታው ሳታነሡ በቅርብ ላለው የባህል ጽሕፈት ቤት አመልክቱ።