ለቤት ወፎች የሚሆን ርካሽ መጫወቻ፤ ከሰሜን ሸዋ ሣርና ገብስ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ላይ የተቆረቆረችው ደብረ ብርሃን በነጋዴው ዘንድ የምትታወቀው በገብሷ፣ በበጓና በብርድ ልብሷ ነው። በዚያው አውራጃና ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በአንኮበር አገር ሴቶች ከስንደዶና ከአክርማ ሰፌድ፣ ሙዳይና መሶብ መስፋታቸውም ከጥንት የቆየ ሙያ ነው። ይሁን እንጂ ከዚሁ ሣርና ከዚሁ ገብስ፣ ከስፌት የተረፈው ቁርጥራጭ እንኳ ሳይቀር፣ ሌላ ትንሽ ሸቀጥ ሊወጣ እንደሚችል ልብ ያለው ባለሱቅ ጥቂት ነው። ይኸውም በቤት ውስጥ ለሚቀመጡ ወፎች የሚሆን መጫወቻ ነው።

ነገሩ ሲሰማ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ «ወፍ መጫወቻ ምን ያደርግላታል?» የሚል ነጋዴ ቢኖርም አይፈረድበትም። መልሱን ለማግኘት ግን ወፍ በዱር ሳለች ቀኗን በምን እንደምታሳልፍ መመርመር ያስፈልጋል። የአማዞን በቀቀን በተፈጥሮ አገሩ ምግቡን ፍለጋ በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይደክማል። በሽቦ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ወገኑ ግን የተሞላ ሳህን ስለሚቀርብለት መብሉን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። የቀረው ጊዜ ሁሉ ሥራ ፈትነት ነው። ሥራ የፈታ በቀቀን ይጮኻል፣ ሽቦውን ይነክሳል፣ በመጨረሻም የገዛ ላባውን መንቀል ይጀምራል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ምግባቸውን ፈልገውና ፈልፍለው እንዲያገኙ፣ የሚወጡበትና የሚያኝኩት ዕቃም እንዲኖራቸው የተደረጉ ወጣት በቀቀኖች ላባቸው ደኅና ሆኖ ሲቆይ፣ ባዶ ቤት ውስጥ የተቀመጡት ግን ላባቸውን እንደ ነቀሉ አሳይተዋል። ላባቸውን የነቀሉትም መፈለጊያና መጫወቻ በተሰጣቸው ጊዜ ተሻላቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1963 ግሌን ጄንሰን የተባሉ ሊቅ፣ አይጦች በነፃ የተቀመጠላቸው ምግብ ሳለ መርገጫ እየተጫኑ የሚያገኙትን መብላት እንደሚወዱ አስረድተው ነበር፤ በቀቀኖችም እንዲሁ እንደሚያደርጉ በኋላ ታውቋል። እንግዲህ ለወፍ መጫወቻ ማለት ጌጥ ሳይሆን ሥራ ማለት ነው።

በከተማ ቤቶች የሚቀመጡት ወፎች ብዙዎቹ ከሩቅ አገር የመጡና በሰው እጅ ሲራቡ የኖሩ ናቸው። በጅሪጋር የምትባለው ትንሿ በቀቀን የአውስትራልያ ተወላጅ ስትሆን፣ ጆን ጉልድ የተባሉት የወፍ ሊቅ ሕያዋን ወፎችን ወደ እንግሊዝ አገር ያመጡት እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ካናሪ የተባለው ዘማሪ ወፍ ደግሞ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ከሚገኙት የካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ ዓለምን አዳርሷል። ለእነዚህ ወፎች እህል የሚሸጥ ባለሱቅ ሊያስበው የሚገባ ነገር አለ፤ ወፉ የታመመበት ወይም የሞተበት ደንበኛ እህል ለመግዛት ተመልሶ አይመጣም።

አሠራሩ

ለመጫወቻው የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ በደብረ ብርሃን ገበያ ወይም በማንኛውም ጓሮ ይገኛል። መሣሪያውም ወስፌ፣ መቀስና ቢላዋ ብቻ ነው።

አንደኛው የገብስ ነዶ ነው። ፀረ ተባይ ያልተረጨበት፣ ከነአገዳው የታጨደ የገብስ ዛላ ከ10 እስከ 15 የሚሆን በአክርማ ይታሰርና ዛላው ወደ ታች እንዲንጠለጠል ሆኖ ይሰቀላል። ሻካራው ጺም አስቀድሞ በመቀስ ይከረከማል። ወፊቱ ተንጠልጥላ ፍሬውን ከገለባው ስትፈለፍል ግማሽ ቀን ታሳልፋለች።

ሁለተኛው የወረቀት ጥቅልል ነው። ጽሕፈት በሌለበት ወረቀት ውስጥ ጥቂት ዳጉሳ ወይም ማሽላ ተደርጎ ሁለቱ ጫፍ እንደ ከረሜላ ይጠመዘዛል። ልምድ የሌላት ወፍ በመጀመሪያ ስለማይገባት፣ ፍሬው እንዲታያት ጥቅልሉን በጥቂቱ ከፍቶ መስጠት ይገባል።

ሦስተኛው ከበቆሎ ቆረቆንዳ የሚሠራ ነው። ሻጋታ ያልነካው ደረቅ ቆረቆንዳ እንደ ቀለበት ተቆራርጦ መካከሉ በወስፌ ይበሳና በፋብሪካ ኬሚካል ባልተለፋ ቀጭን ጠፍር ላይ ይሰካል። ፍሬ በነበረበት ጎድጓዳ ሥፍራ ጥቂት ጥራጥሬ ቢደበቅበት ወፊቱ እየቆፈረች ታወጣዋለች።

አራተኛው ትንሽ ሙዳይ ነው። ይህ ለስፌት ባለሙያዎች በተለይ የሚስማማ ሥራ ሲሆን፣ ከቀለም ያልገባ አክርማና ስንደዶ የጭብጥ ያህል ሙዳይ ተሰፍቶ በሣር ቁርጥራጭ ይሞላል፤ በሣሩም ውስጥ እህል ይሸሸጋል። ወፊቱ መጀመሪያ እህሉን ትፈልጋለች፤ በኋላም ሙዳዩን ራሱን ፈትታ ትጨርሳለች። ጥልቅና ጨለማ የሆነ ዕቃ ግን ሴቲቱን ወፍ እንቁላል ለመጣል ስለሚያነሣሣት ሙዳዩ ዝርግና አፈ ሰፊ መሆን አለበት።

አምስተኛው መቆሚያና ዥዋዥዌ ነው። ውፍረቱ እዚህና እዚያ የሚለያይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ታጥቦ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ከነልጡ ይሰጣል። ወፍ ቀኑን ሙሉ በአንድ ልክ በተላገ ለስላሳ እንጨት ላይ ስትቆም የእግሯ መዳፍ ይቆስላል፤ ውፍረቱ የሚለያይ ቅርንጫፍ ግን እግሯን ያፍታታል።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሰጡም። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ተሰቅለው በየሳምንቱ ቢለዋወጡ አሮጌው መጫወቻ እንደ አዲስ ይሆናል። ፈሪ ለሆነች ወፍም አዲሱ ዕቃ አንድ ሁለት ቀን ከቤቷ ውጭ ተቀምጦ ብትለምደው ይሻላል።

ሊጠነቀቁት የሚገባ

ርካሽ የሆነ ዕቃ ሁሉ የሚበጅ አይደለም። የደብረ ብርሃን አካባቢ የሱፍ አገር ስለሆነ የሱፍ ክር ለማንጠልጠያ መጠቀም ይቀላል፤ ነገር ግን የተፈታ ክር በወፏ እግር ላይ ተጠምጥሞ ደም ያቆማል፣ ብትውጠውም በጉሮሮዋ ሥር ባለው የምግብ ከረጢት ውስጥ ይቋጠራል። ስለዚህ አጭር የአክርማ ማሰሪያ ወይም ጠፍር ይመረጣል። ዚንክ የተለበጠ ሽቦና እርሳስ ያለበት ብየዳ ወፍን ይመርዛሉ። የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ጠርዙ ይቆርጣል። አፉ የተሰነጠቀ ቃጭልም ጥፍርን ይዞ አይለቅም። በገበያ ዱቄት ቀለም የተነከረ ስፌት ለጌጥ እንጂ ለሚታኘክ ዕቃ አይሆንም። የጽድ ፍላጭም ሽታው የበረታ ዘይት ስላለው በዝግ ቤት ውስጥ ለወፍ ሳንባ አይስማማም።

ከመጫወቻው ይልቅ የሚያስፈራው ግን ጢስ ነው። በደጋው ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት፣ ቡና ሲፈላም ዕጣን ማጤስ የተለመደ ነው። የወፍ ሳንባ ከሰው ሳንባ ይልቅ ለመርዘኛ አየር የተጋለጠ በመሆኑ፣ በእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ ካናሪን የመርዝ አየር መጠቆሚያ አድርገው ይዘው ይወርዱ ነበር። የወፉ ቤት ከከሰል ምድጃና ከማጨሻ በራቀ፣ አየር በሚገባበት ክፍል ይሁን። አቮካዶ፣ ቡናና ቸኮላትም ለወፍ መርዝ መሆናቸውን ባለሱቅ ለደንበኛው ቢነግረው ታላቅ አገልግሎት ነው።

ሒሳቡ

ከውጭ አገር የሚመጣ የወፍ መጫወቻ የውጭ ምንዛሪ፣ የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪ አለበት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ይህን ዐይነቱን ሸቀጥ የሚያስመጣ ነጋዴ ወጪው ምን ያህል እንደ ከበደበት ራሱ ያውቀዋል። የመጣውም ፕላስቲክ በበቀቀን መንቁር ከተሰባበረ ያው ቆሻሻ ነው። ከሣርና ከገብስ የተሠራው ግን እንዲሰባበር ታስቦ የተሠራ ነው፤ መሰባበሩ ወፊቱ መሥራቷን ያመለክታል፣ ደንበኛውንም መልሶ ወደ ሱቅ ያመጣዋል።

በእርግጥ ይህን መጫወቻ ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራው ይችላል። ስለዚህ ብልህ ባለሱቅ አሠራሩን እንደ ምስጢር አይደብቅም፤ ለደንበኛው በግልጽ ያሳየዋል። የሚሸጠው ሌላ ነገር ነውና፤ ፀረ ተባይ ያልነካው ገብስ፣ ቀለም ያልገባ አክርማ፣ ሻጋታ የሌለበት ቆረቆንዳ፣ ተለቅሞና ተጣጥፎ በከረጢት የተዘጋጀ። ደንበኛው የሚከፍለው ለሣሩ ሳይሆን ለንጽሕናውና ለመታመኑ ነው። ለሰፊዋም ሴት ቢሆን ለትልቅ መሶብ የማይበቃ ቁርጥራጭ ዋጋ ያገኛል። ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ላኪ ደግሞ ከዕፅዋት ለተሠራ ዕቃ ተቀባዩ አገር የሚጠይቀውን የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አስቀድሞ ማጣራት፣ ዕቃውም ለወፍ አፍ የሚቀርብ መሆኑን አስታውሶ በመርዝ ጢስ እንዳይታጠን መጠንቀቅ ይኖርበታል።

የአንኮበር ወፍ

እዚህ ላይ «መጫወቻውን ከምንሸጥ ወፉን ራሱን ከአገራችን ገደል ይዘን ብንሸጥ አይሻልምን?» የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። አንኮበር የወፍ ባለጸጋ ናት። እ.ኤ.አ. በ1976 ጆን አሽ የተባሉ የወፍ ሊቅ በዚያ አካባቢ ከዚያ በፊት በሳይንስ ያልታወቀ ዥንጉርጉር ቡናማ ትንሽ ወፍ አገኙ፤ በ1979ም የአንኮበርን ስም ሰጥተው ለዓለም አስታወቁት። ይህ ወፍ የካናሪ ዘመድ ነው፤ ገደላማ በሆነው ደጋ የሣር ፍሬ እየለቀመ ይኖራል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ ለመጥፋት ከተጋለጡት ወገኖችም ተቆጥሯል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ የሚኖረው፣ ሾላና የጽድ ፍሬ የሚበላው ጥቁር ክንፍ በቀቀንም ከዚህ ምድር በቀር ሌላ የተፈጥሮ አገር የለውም።

የዱር ወፍ ንግድ በር ግን እየተዘጋ ከመጣ ቆይቷል። ኢትዮጵያ በመጥፋት ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት የሚሸጡበትን ሁኔታ ወደሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት የገባችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አሜሪካ በ1992 የዱር ወፍ ማስገባትን በሕግ ገደበች። የአውሮፓ ኅብረት በወፍ ጉንፋን ምክንያት በ2005 ለጊዜው የጣለውን እገዳ በ2007 ዘላቂ አደረገው። በአገራችንም በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳትን አጠቃቀም በፈቃድ ሥር አድርጎታል። ስለዚህ ከአንኮበር ገደል ወፍ አጥምዶ ለማትረፍ ማሰብ ገንዘብንም ስምንም ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ለአንኮበር ይህ ትምህርት አዲስ አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲፈራረሙ፣ ከአንኮበር በታች ካለው ከአልዩ አምባ ገበያ የሚነሣው ሲራራ ወደ ታጁራ ባሕር ከሚያወርደው ሸቀጥ አንዱ የዝሆን ጥርስ ነበር። ዝሆኑ ሲመነምን ያም ንግድ አብሮ መነመነ። በየዓመቱ የሚታጨደው ገብስና ሣር ግን ዛሬም አለ።

በሌላ የደጋ አገር የታየ ምሳሌ

በጀርመን አገር በሐርዝ ተራሮች ላይ ሳንክት አንድሬያስበርግ የምትባል የማዕድን ከተማ አለች። የማዕድን ሠራተኞቿ ከካናሪ ደሴቶች የመነጨውን ወፍ በቤታቸው እያራቡ ጥሩ ድምፅ ያለው ዘር አወጡ፤ ቤተ ሰቦቻቸውም ትንንሽ የእንጨት የወፍ ቤቶችን በእጃቸው ይሠሩ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ የጎጆ ሙያ እስከ ኒው ዮርክ ድረስ ገበያ አግኝቶ ለብዙ ድኻ ቤት ደጋፊ ገቢ ሆነ። እነዚያ ሰዎች የሸጡት በቤታቸው የተራባውን ወፍና የእጃቸውን ሥራ እንጂ ከተራራው ያጠመዱትን አልነበረም።

የሰሜን ሸዋ ሁኔታም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ብርዱ አለ፣ እንጨቱና ሣሩ አለ፣ ከሁሉም በላይ የስፌት ሙያ ያላት እጅ አለች። የጎደለው ቁርጥራጩን ከሰፊዋ ቤት ሰብስቦ፣ ለቅሞና አጽድቶ ወደ ከተማ ሱቅ የሚያደርስ ነጋዴ ነው። ሥራውን ለመጀመር ብዙ ካፒታል አያሻም፤ አንድ ነዶ ገብስ፣ አንድ እቅፍ አክርማና የሚታመን ሰው ይበቃሉ። ትርፉ ትንሽ ቢሆንም ምንጩ በየመኸሩ የሚታደስ ነው፤ የአንኮበርም ወፍ በገደሉ ላይ የሣር ፍሬውን እየለቀመ ይኖራል።