ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

ቦዲቲ ላይ ልጅ ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ወባ የለም ከተባለ ደግሞ ታይፎይድ ይባላል። ጥርጣሬው ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም፤ ሁለቱም በወላይታ ያሉ ሕመሞች ናቸው። ትኩሳቱ ግን ከሳምንት በላይ እየተወና እየተመለሰ፣ ልጁም እየከሳና እየገረጣ ከሄደ፣ በተለይ ልቡ ላይ ችግር አለ ተብሎ ከነበረ ሌላ ነገር መታሰብ አለበት። ይህም ባክቴሪያ የልብ ክዳኖችን ይዞ የሚያበላሽበት ሕመም ነው፤ በሐኪሞች አጠራር ኢንፌክቲቭ ኢንዶካርዳይቲስ ይባላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ካልታከመ ግን ይገድላል።

«የልብ በሽታ የትልቅ ሰው ነው» ሲባል እንሰማለን። እውነቱ ሌላ ነው። አንዳንዱ ልጅ ልቡ ላይ ቀዳዳ ይዞ ይወለዳል። ሌላው ደህና ተወልዶ ቶንሲል ያመዋል፤ በወጉ ሳይታከም ይቀራል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፤ ሰውነቱ ጀርሙን ለመዋጋት ያመረተው መከላከያ ዞሮ የልቡን ክዳን ይጎዳል። ከአፍ ወይም ከቆዳ ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ ጤነኛ ልብ ላይ እምብዛም አይቆይም፤ የተጎዳ ክዳን ሲያገኝ ግን ይለጠፍና እየተራባ እንደ ጓል ይጠራቀማል። ከዚያ ተቆርሶ የሚሄደው ጓል አንጎል ውስጥ ደም ሥር ሊዘጋ ይችላል።

ቶንሲል ሲያም «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» የሚል ምክር በብዙ የአገራችን አካባቢ አለ። እንጥል መቁረጥ ቶንሲል አያድንም። ያልተቀቀለ ምላጭ የሚያቆስለው ጉሮሮ ለባክቴሪያ የተከፈተ በር ነው፤ ልጁ ደም ሊፈሰው፣ ደሙም ሊመረዝ ይችላል። «የወተት ጥርስ ነው፣ ቢበሰብስም ይወድቃል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ልቡ ለታመመ ልጅ የበሰበሰ ጥርስና የቆሰለ ድድ ራሱ አደጋ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛው አሞክሲሲሊን ነው። ልጁ ሁለት ቀን ይውጠዋል፣ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ «ዳነ» ይባላል። ባክቴሪያው ክዳኑ ላይ ተሸሽጎ እንዳለ ነው። ትኩሳቱ ተመልሶ ልጁ ሆስፒታል ሲደርስ በደም ካልቸር፣ ማለትም ከደሙ ጀርም በማብቀል በሚደረገው ምርመራ፣ ጀርሙ አልበቅል ይላል፤ ሐኪሙም የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለማወቅ ይቸገራል። ለዚህ ነው ደም ከመድኃኒቱ በፊት፣ ደጋግሞ መቀዳት ያለበት። ልቡ ደግሞ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ይታያል። ሕክምናው በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ክዳኑ ክፉኛ ከተበላሸ ቀዶ ሕክምና ይከተላል።

ይህ ሕመም እንደ ጉንፋን ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ እህት ወንድሞቹን ከአጠገቡ ማራቅ አያስፈልግም።

ልጃችሁ የልብ ችግር እንዳለበት ከተነገራችሁ ጥርስ ከማስነቀላችሁ በፊት ለባለሙያው ንገሩ፤ ለአንዳንዶቹ አስቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት ይታዘዛል። የልቡ ክዳን ዳግም እንዳይጎዳ የወር መርፌ የታዘዘለት ልጅ ቀኑ አይለፈው። ትኩሳቱ አልለቅ ካለ ደግሞ ሌላ ክኒን አትግዙለት፤ ወደ ሶዶ ሆስፒታል ሪፈር ጠይቁ፣ «ልቡን ያመዋል» ብላችሁም ከሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ።