የጸሐፊዎችን ጣት ከድካም ስለ መጠበቅ

በንግድ ቤት ውስጥ የሚዛኑ ትክክለኛነትና የመጋዘኑ ደኅንነት ዘወትር ይጠየቃል። ደብዳቤውን፣ ደረሰኙንና የዋጋ ማቅረቢያውን ሲጽፉ የሚውሉት ጣቶች እንዴት እንዳመሹ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ዛሬ በየጠረጴዛው የሚታየው የኪቦርድ አደራደር መሠረቱ አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1878 ዓ.ም. ያስመዘገበው ሲሆን፣ የተሰናዳውም ለእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛ 33 ዋና ፊደላት ግን እያንዳንዳቸው በሰባት መልክ ሲጻፉ 231 ይሆናሉ። ስለዚህ በተለመደው የድምፅ አጻጻፍ ከሳድሱ በቀር አብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜ መምታትን ይጠይቃል። «ደረሰኝ» የሚለው ቃል አራት ፊደል ብቻ ነው፤ ሲጻፍ ግን ሰባት ጊዜ ይመታል፤ ለ«ኝ» ሺፍት የሚባለው ቁልፍ ሲጨመር ስምንት ይሆናል። እንግዲህ ሥራውን በገጽ ብቻ የሚቈጥር አሠሪ የድካሙን እኩሌታ አያይም ማለት ነው።

ሺፍትን የምትጫነው ደካማዪቱ ትንሿ ጣት ናት። ስለዚህ ሺፍቱን በአንዱ እጅ፣ ፊደሉን በሌላው መምታት ይሻላል። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ስቲኪ ኪይስ የተባለው መሣሪያ ሲከፈት ደግሞ ሺፍትን ነክቶ ከለቀቁ በኋላ ፊደሉን ማስከተል ይቻላል። ለሁለት የተከፈለው አዲሱ ዓይነት ኪቦርድም የእጅ አንጓ ወደ ጐን እንዳይጣመም ይረዳል። እርሱ ባይገኝ እንኳ ያለ ወጪ የሚደረግ አለ፤ ይኸውም የኪቦርዱን የኋላ እግሮች አጥፎ ማስተኛት፣ ወንበሩን ክርን ከኪቦርዱ ጋር እስኪስተካከል ማስማማት፣ በየመካከሉም እጅን ማሳረፍ ነው።

በእጅ አንጓ ውስጥ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ አብረው ያልፋሉ። ነርቩ ሲጫን አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመካከል ጣት ይደነዝዛሉ፤ ሕመሙም ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ነርቩ ለብዙ ጊዜ ተጭኖ ከቈየ የአውራ ጣት ኃይል ይደክማልና፣ ምልክቱን ያየ ሰው ወደ ሐኪም ለመሄድ ሊዘገይ አይገባውም።

ነገር ግን ሰነፍ እንዳይባል ፈርቶ ሕመሙን የሚሸሽግ ጸሐፊ አይታጣም። ስለዚህ የንግድ ቤት ባለቤቶች ሠራተኛው እስኪናገር ሳይጠብቁ ወንበሩንና ጠረጴዛውን ራሳቸው ቢመረምሩ መልካም ነው። የተሰበረ ኪቦርድ በሌላ ይተካል፤ የእጅ ጉዳት ግን ጸሐፊውን እንጀራውን፣ ንግድ ቤቱንም የለመደ ሠራተኛውን ያሳጣል።