የደም ቁጥር ሲያሳስት

አስም የጠናበት የሀብሩ ገበሬ ወልድያ ወጥቶ ታክሞ ፕሬድኒሶሎን ቢታዘዝለትና በማግስቱ ደሙ ቢመረመር፣ ነጭ የደም ሕዋሱ ጨምሮ ሊገኝ ይችላል። መድኃኒት መጀመሩን ያልሰማ ሐኪም «ኢንፌክሽን ይዞታል» ቢል አይፈረድበትም።

ፕሬድኒሶሎን፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች የሚያመነጩትን ኮርቲሶል አስመስሎ የተሠራ ስቴሮይድ ነው። ኒውትሮፊል ከሚባሉት ነጭ ሕዋሳት ግማሽ ያህሉ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ስለሚቆዩ በምርመራ አይቆጠሩም። ስቴሮይዱ ከዚያ ያላቅቃቸዋል፤ ከመቅኔም ተጨማሪ ያስወጣል። መርሳ ገበያ ጥላ ሥር ያረፈው ሁሉ ተነሥቶ መሀል ቢገባ፣ አዲስ ሰው ሳይመጣ ገበያው የደራ ይመስል የለ? ችግሩ፣ ግድግዳውን መያዝ ያቃተው ሕዋስ ወደታመመው ሥጋ ዘልቆ መግባትም ይሳነዋል። ቁጥሩ ከፍ፣ መከላከሉ ዝቅ።

ሊምፎሳይትና ኢኦሲኖፊል ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከደም ይቀንሳሉ። ገበሬው ትንፋሽ የሚያገኘውም በዚህ ነው፤ ሳንባውን የሚያስቆጡት በአመዛኙ እነሱ ናቸውና። በዚሁ ቁጣ የማብረድ ኃይሉ ሌላው ስቴሮይድ ኮርቲዞን ለተመራማሪዎቹ ለሄንች፣ ለኬንዳልና ለራይክሽታይን እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል።

ለእኛ ግን ኢኦሲኖፊል ሌላ ሥራ አለው፤ ትልን ይዋጋል። በባዶ እግሩ እርሻ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ቀጭን ትል በእግር ቆዳ ገብቶ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ እዚያው ሰውየው ውስጥ እየተራባ ለአሥርተ ዓመታት ያለ ምልክት ሊቆይ ይችላል። ስቴሮይድ ሲጀመር የትሉ እጮች ያለ ልክ ሊበዙ፣ አንጀቱን በስተው ባክቴሪያ ይዘው ወደ ደም ሊገቡ ይችላሉ። ይህ ይገድላል። ይባስ ብሎ ኢኦሲኖፊሉ ስለወረደ የደም ውጤቱ «ትል የለም» የሚያሰኝ ይሆናል።

ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ነው። በዚህ በሽታ ነርቭ ሲቆጣ ፕሬድኒሶሎን ለወራት ይሰጣል። እንዲህ ካለ ረጅም ሕክምና በፊት ስለ ትሉ ማሰብ ይገባል፤ አንድ ጊዜ በታየ ሰገራ ግን ብዙውን ጊዜ አይገኝም። ለተማሪዎች የሚታደለው አልቤንዳዞል ለወስፋት ቢበጅም ለዚህኛው ደካማ ነው፤ አይቨርሜክቲን ይሻላል።

ፈርቶ ኪኒኑን በገዛ ፈቃድ ማቆም ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ለሳምንታት ከተወሰደ ዕጢዎቹ ኮርቲሶል ማምረት ስለሚተዉ፣ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው።