የመረብ ኳስ ተጫዋቿና ሙያዋ

ተማሪዎች፣ በዳሞታ ተራራ ሥር በምትገኘው በወላይታ ሶዶ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በአንድ የትምህርት ቤት ሜዳ በኩል ብታልፉ፣ በሁለት ቋሚዎች መካከል ከተወጠረ መረብ ወዲህና ወዲያ ቆመው ኳስ የሚለዋወጡ ልጃገረዶችን ታዩ ይሆናል። ከእነርሱ አንዷ «ወደ ፊት መተዳደሪያዬ ይህ ነው» ብትላችሁ ምን ትመልሱላታላችሁ? በቋንቋችን «ተጫወተ» የሚለው ግሥ ወግ ማውጋትንም ስለሚያመለክት፣ በጨዋታ መተዳደር ለብዙ ወላጆች ቀልድ ይመስላቸዋል።

እስቲ በመጀመሪያ ጨዋታው ራሱ የሚጠይቀውን እንመልከት። የሴቶች መረብ ከፍታው 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከወንዶቹ የሚያንሰው በ19 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ኳሷን መያዝ ክልክል ነው፤ ለመከላከል በመረቡ ላይ የሚደረገው ንክኪ ሳይቈጠር፣ ቡድኑ በሦስት ንክኪ ውስጥ ኳሷን ወደ ተቃራኒው ሜዳ መመለስ አለበት። ስለዚህም አንዷ ትቀበላለች፣ ሁለተኛዋ ታመቻቻለች፣ ሦስተኛዋ ዘልላ ትመታለች። ተመልካች የሚያጨበጭበው ለመቺዋ ነው። እኔ ግን የአንድ ቡድን ልክ የሚታወቀው በተቀባይዋ ነው እላለሁ፤ የመጀመሪያው ንክኪ ከተበላሸ መቺዋ ምንም ያህል ብትዘል አይረዳትምና።

ይህ ችሎታ ወደ ደመወዝ የሚለወጠው በክለብ አማካይነት ነው። በአገራችን ብዙዎቹ ክለቦች የፋብሪካ ወይም የመሥሪያ ቤት ናቸው። ወላይታ ድቻ በእግር ኳስና በወንዶች መረብ ኳስ ስሙን አስጠርቷል፤ በሴቶቹ በኩል ስማቸው ከሚነሣው ቡድኖች አንዱ የአዲስ አበባው ብሔራዊ አልኮል ነው። እንግዲህ የሶዶዋ ልጃገረድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ከቤተ ሰቧ ርቃ መኖር ግድ ሊሆንባት ይችላል። ባለቤት የሆነው ድርጅት በጀት ካጠረውም ቡድኑ ሊፈርስ እንደሚችል ማወቅ ይኖርባታል።

የፋብሪካ ቡድን ሲባል ግን ዝቅ አድርጋችሁ አትመልከቱ። መረብ ኳስ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደበት በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የሴቶቹን ወርቅ የወሰደው የጃፓን ቡድን አብዛኞቹ አባሎቹ ከኦሳካ አጠገብ የሚገኝ የአንድ ጥጥ ፈተል ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቀን በሥራ ውለው ከዚያ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ይለማመዱ ነበር። አሠልጣኙ ሂሮቡሚ ዳይማትሱ ለኳሷ ተወርውረው ከወደቁ በኋላ ተንከባልለው ወዲያውኑ እንዲነሡ አስተማራቸው። (ይህ የተደረገው በእንጨት ወለል ላይ ነው፤ በአፈር ሜዳ የሞከረች ጉልበቷ ምን እንደሚሆን ታውቀዋለች።) ጥቅምት 13 ቀን በመጨረሻው ጨዋታቸው ሶቪየት ኅብረትን 3 ለ 0 አሸነፉ።

የቡድኑ አምበል ማሳኤ ካሳይ በዚያን ዕለት የ31 ዓመት ሴት ነበረች። ከዚያ በኋላ ትዳር ያዘች፤ ቆይታም መረብ ኳስን በእናቶች ዘንድ በማስፋፋት ሠራች። የተጫዋች ዕድሜ የሚያጥረው እንዲህ ነው፤ ሌሎች ሠራተኞች ሙያቸውን በሚያደላድሉበት ዕድሜ እርሷ ትሰናበታለች፤ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት ወይም ትከሻ ከተጎዳ ደግሞ ከዚያም በፊት።

ስለዚህ ልጃገረዷ ውል ሲቀርብላት ከደመወዙ ልክ ቀጥሎ ሦስት ነገር መጠየቅ አለባት፦ ውሉ ለስንት ወር ነው? ብትጎዳ የሚያሳክማት ማን ነው? ያቋረጠችውን ትምህርት የምትማርበት ሰዓትስ ተመድቦላታል?